የአውሮፕላን እግር ወጌሻ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ፣ የከተማው ቤቶች ሳሳ ሳሳ ማለት ሲጀምሩ፣ በስተግራ አንድ ጋራዥ አለ። ስም አለው፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል፤ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። ሾፌሩ ሁሉ «ባዩሽ ጋ» ነው የሚለው። ወደ ጣርማ በር ወጥቶ ያንን ጠመዝማዛ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ከጮኸ ወይም መሪው ከተንቀጠቀጠ ባዩሽ ጋ ጎራ ይላል። ጎራ ያላለው ደግሞ በማግስቱ በሌላ መኪና ተጎትቶ ይመጣል።

ባዩሽ አርባን ልትነካ ትንሽ የቀራት፣ ቁመቷ አጠር፣ እርምጃዋ ፈጠን ያለ ሴት ናት። የደብረ ብርሃን ብርድ ሌላውን ጋቢ በጋቢ ላይ ሲያስደርበው እሷ የቱታዋን እጅጌ ሰብስባ ትውላለች። ሳቋ ከመዶሻው በላይ ይሰማል። አንድ ዓመል ግን አላት፤ ሳታይ አታምንም። በሯን ቆልፋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ትነካዋለች። የምድጃዋን ጋዝ ዘግታ፣ «ዘግቼዋለሁ?» ብላ እንደገና ታየዋለች። ባሏ ካሳሁን የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ «ጠዋት ስወጣ ጫማዬ ሁለቱም እግሬ ላይ መሆኑን አረጋግጣ ነው የምትለቀኝ» እያለ መናኸሪያውን ያስቃል። ይህ ዓመል ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ተወልዳ ያደገችው ጎረቤላ ነው። አባቷ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበራቸው፤ ልጅቱም ያደገችው በሞተር ድምፅ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የወፍጮው ቀበቶ ሊበጠስ መሆኑን ከድምፁ ለይታ ለአባቷ ትናገር ነበር። የአባቷ አብሮ አደግ ጋሼ ተክለጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ባሉት የግል ድርጅት ውስጥ የጥገና ኃላፊ ነበሩ። ለጥምቀት አገራቸው በመጡ ቁጥር ይህችን ልጅ ወፍጮው ሥር ተንበርክካ፣ ፊቷ ዘይት ጠግቦ ያገኟታል። አንድ ዓመት ላይ አባቷን «በል ይቺን ልጅ ለኔ ስጠኝ» አሏቸው።

ወሰዷት። እቤታቸው ተቀምጣ ተማረች፤ የጥገና ትምህርቷን ጨርሳ ፈቃድ አወጣች፤ ከእሳቸው ሥር ተቀጠረች። ከመፍቻ አያያዝ ጀምሮ ያላስተማሯት ነገር የለም። ከሁሉ ከሁሉ ያስተማሯት ግን እግሩን ነው። አውሮፕላን ሲነሳ እግሩን ያጥፋል፣ ሊያርፍ ሲል ይዘረጋል። «ለመውጣትማ ሞተሩ አለ» ይሉ ነበር ጋሼ፤ «ለመውረድ ግን እግር ያስፈልጋል።» ጎረቤላ ያሉት እናቷ የልጃቸውን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት ቢቸግራቸው «የአውሮፕላን እግር ወጌሻ ናት» ማለት ጀመሩ። ስሙ እዚያው ጸደቀ።

በዚያ ሙያ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሠሪው የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን ሁለተኛ ዓይን ሳያየው አውሮፕላኑ አይነሳም። መቼም ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ይሉኝታ የሚባል ነገር ደጃቸው ደርሶ አያውቅም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ጋሼ የአንዱን አውሮፕላን የፊት እግር ፈትተው ገጠሙ። ሁለተኛዋ ዓይን ባዩሽ ነበረች። የእጅ ባትሪዋን ይዛ ስትደርስ ጋሼ ክዳኑን ዘግተው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነው። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ዘረጉላትና «ፈርሚ ልጄ» አሏት።

እንግዲህ ምን ታድርግ? ያሳደጓትን፣ እንጀራ ያበሏትን ሰው «ይክፈቱልኝና ልየው» ትበል? አባት የሠራውን ልጅ ስትፈትሽ የት ታይቷል? ቢፈተሽስ ምን ሊገኝ! ባትሪዋን ኪሷ ከተተችና ፈረመች።

አሥራ አንድ ቀን አውሮፕላኑ በደህና ወጣ፣ በደህና ወረደ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስምንት መንገደኞች ጭኖ ሊያርፍ ሲል የፊት እግሩ አልዘረጋ አለ። አብራሪው ነዳጁን ለማቃለል አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማይ ላይ ሲዞር ባዩሽ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር። ያቺን አንድ ሰዓት ዛሬም ድረስ አትረሳትም። በመጨረሻ በሁለቱ የኋላ እግሮቹ አረፈ፤ ፍጥነቱ ሲበርድ አፍንጫው ቀስ ብሎ አስፋልቱን ነካ፤ እየተፋጨ፣ የእሳት ፍንጣሪ እየረጨ ሄዶ ቆመ። ተመስገን ነው፣ አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም። ከመንገደኞቹ መካከል አንዲት እናት ከወረዱ በኋላ ዞረው አዩትና «ምነው ዛሬ ሰግዶ አረፈ?» አሉ።

ምርመራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። የእግሩን ማያያዣ በያዘው ብሎን ላይ ዳዶው እንዳይፈታ የምትቆልፈው፣ መካኒኮች ኮፒሊያ የሚሏት፣ ከፀጉር ማስያዣ የማትበልጥ ሽቦ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። በአሥራ አንድ ቀን መንቀጥቀጥ ዳዶው ቀስ በቀስ ተፈትቶ ወጥቷል። ሽቦዋ የት እንደገባች ግን አልታወቀም። ባዩሽ ተጠየቀች። «አላየሁም። ፈርሜያለሁ» አለች። ጋሼ ተጠየቁ። «ሥራው የኔ ነው። ሽቦዋንም አስገብቻታለሁ» አሉና ሌላ ቃል አልጨመሩም። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ የሷ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ታገደ። ዓመቱ ሲሞላ ፈቃዱ ተመለሰላት፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

ደብረ ብርሃን መጥታ ጋራዥ ከፈተች። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለችና ሕግ አወጣች። ከጋራዡ የሚወጣ መኪና ሁሉ «የሠራው» እና «ያየው» የሚል ሁለት መስመር ያለው ወረቀት ይዞ ይወጣል። ስህተት የተገኘበት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በገዛ እጁ ስህተቱን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ የዚያን ቀን ሻይ ለሁሉም የሚቀዳው እሱ ነው። ሰሌዳው በየሳምንቱ ይጠረጋል። ራስጌው ላይ ያለችው መስመር ብቻ ስምንት ዓመት ሙሉ አልተጠረገችም፤ «ባዩሽ፦ ሳታይ ፈረመች» ትላለች።

አብሯት የሚሠራው መካኒክ ነቢዩ መጀመሪያ ላይ ይህን ሕግ አምርሮ ይጠላው ነበር። አንድ ቀን ባዩሽ የዘይት ክዳን ሳታጠብቅ አገኛት። ያን ዕለት እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ፣ አለቃው ሻይ ስትቀዳለት «ስኳር ጨምሪበት» ካለ ወዲህ ከሕጉ ጋር ተፋቀረ።

ጋሼ ተክለጊዮርጊስም ጡረታቸውን እዚያው ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። ከባዩሽ ጋር በዓል በመጣ ቁጥር ይጠያየቃሉ። ስለ ብርዱ ይወራል፣ ስለ ገብሱ ይወራል፣ ስለ ልጆች ትምህርት ይወራል። ስለዚያች ሽቦ ግን በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ነገሩ እንደታመመ ጥርስ ነበር፤ ሁለቱም በሌላው በኩል ያኝኩ ነበር።

ዘንድሮ በታኅሣሥ ታዲያ ጋሼ የድሮ ቱታቸውን አጣጥፈው፣ ብብታቸው ሥር ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

«ባዩ፣ ቤት መዋል ገደለኝ። ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው። እባክሽ አንድ መፍቻ ስጪኝ» አሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

ባዩሽ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ተሯሩጣ ወንበር አመጣች፣ ወንበሩን በቱታዋ ጠረገች፣ ነቢዩን ጠርታ «የኔ አስተማሪ ናቸው!» አለችው። ከደስታዋ ሥር ግን ፍርሃት ነበረ። ጋሼ የሠሩትን ማን ሊያየው ነው?

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ጋሼን ብሎን እንዲለዩ አደረገች። ብሎኑ ሲያልቅ መፍቻዎቹን በየመጠናቸው እንዲደረድሩ። መፍቻው ሲያልቅ የመለዋወጫውን መደርደሪያ። መደርደሪያው ሲያልቅ እንደገና ብሎን። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጋራዡ ያልተለየ ብሎን አልቀረም። ነቢዩ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ይህንን ነገር ሰሌዳው ላይ አትጽፊውም?» አላት።

«የቱን?»

«ሰውዬውን የምትሸሺውን።»

ባዩሽ ሄዳ ጎማ ነፋች።

በጥር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካሳሁን ቅጥቅጡን እየነዳ ግቢው ውስጥ ገባ። ሞልቷል። ሙሽራው በቤት መኪና ቀድሞ ሄዷል፤ እነዚህ አጃቢዎቹ ናቸው፤ ሙሽራዋን ሊያመጡ ደብረ ሲና ይወርዳሉ። መሪው መንቀጥቀጥ ስለጀመረበት ነው ጎራ ያለው። የሙሽራው አባት አቶ ወልደኪዳን ነጭ በነጭ ለብሰው መጀመሪያ ወረዱ፤ ከኋላቸው ከበሮው፣ ከከበሮው ኋላ ሠላሳ ሰው። ግቢው በአንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሆነ።

ባዩሽና ነቢዩ ያን ሰዓት የአንድ ከባድ መኪና ካምቢዮ በእጃቸው ደግፈው ይዘዋል፤ ቢለቁት እግራቸው ላይ ነው። «ግማሽ ሰዓት ስጠኝ፣ እዚያው ጉድጓዱ ላይ አቁመው!» ብላ ለባሏ ጮኸችለት። ካሳሁንም መኪናው ከሥር በሚታይበት ጉድጓድ ላይ አቆመው። ጋሼ ይህን ሰምተው ነው ቱታቸውን የቆለፉት። የተበላውን የመሪ ዘንግ ጫፍ አዩ፤ አዲሱ ዕቃ መደርደሪያው ላይ የት እንዳለ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ራሳቸው ናቸው የደረደሩት። አንስተው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ።

ባዩሽ ካምቢዮውን አስቀምጣ፣ ላቧን እየጠረገች ስትመጣ ጋሼ ከጉድጓዱ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። ፊታቸው በርቷል፤ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ እንዲህ አላየቻቸውም። ወረቀቱ ላይ «የሠራው» በሚለው መስመር ስማቸውን ጽፈዋል። እስክሪብቶውን ዘረጉላት።

«ፈርሚ ልጄ።»

ያው ድምፅ፣ ያው ጨርቅ፣ ያው እጅ። ባትሪዋ የቱታዋ ኪስ ውስጥ ነው።

«ግቡ! ግቡ!» አለ ካሳሁን፣ አጃቢውን ወደ መኪናው እየነዳ። «ባዩሽ፣ ቶሎ በይ እንጂ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ካሳሁን» አለች፣ ድምፅዋ ግን እንደወትሮው አልነበረም። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። «ጋሼ... አንዴ ልየው።»

አቶ ወልደኪዳን ክው አሉ። «እንዴ! ምን ልታዪ? እኝህን የሚያህሉ ሽማግሌ የሠሩትን? ኧረ ነውር ነው፣ ልጄ!» ከአጃቢዎቹም አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀሩ። ፊታቸው ላይ የበራው ነገር ጠፋ። ባዩሽ ይህን ከማየት ጉድጓዱ ይሻላል ብላ ወረደች።

ባትሪዋን አበራች። ዳዶው ጠብቋል፤ እንደ ጋሼ ሥራ ነው፣ እጅ ያኮራል። ኮፒሊያዋም አለች፤ ጫፏ ታጥፏል። ባዩሽ እፎይ ልትል ነበር። ልማዷ ነውና በጣቷ ነካ አደረገቻት። ሽቦዋ መዳፏ ላይ ወደቀች። በብሎኑ ቀዳዳ አላለፈችም፤ በዳዶው ጥርስ መካከል ብቻ ተጠማዝዛ ተቀምጣ ነበር። ለሚያያት የተቆለፈች ትመስላለች፣ የያዘችው ነገር ግን የለም። ይህ መኪና በዚህ ሁኔታ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ሊወርድ ነበር፤ መሪውን የሚይዘው ባሏ፣ ከኋላው ሠላሳ ሰው እያጨበጨበ።

ሽቦዋን መዳፏ ላይ ይዛ ቆመች። በደረት ኪሷ አዲስ ኮፒሊያ አለ። አስገብታ፣ አጥፋ፣ ወጥታ «እጅዎ ይባረክ ጋሼ» ብትል ማን ያውቃል? አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። መኪናው በደህና ይወርዳል፣ የሽማግሌውም ክብር በቦታው ይኖራል። እጇ ወደ ኪሷ ሄዶም ነበር። ግን ሰኞስ? ማክሰኞስ? ጋሼ ይህንን ካላወቁት የሚቀጥለውን ስህተት ማን ያገኘዋል? እጇን መለሰች።

«ጋሼ» ብላ ተጣራች። «እስቲ አንዴ ይውረዱ፣ አብረን እንየው።»

ጋሼ ደረጃውን እየተደገፉ ወረዱ። ባዩሽ ብርሃኑን ዳዶው ላይ አደረገችና «ይታይዎታል?» አለች። አጎንብሰው፣ ራቅ ብለው፣ ጠጋ ብለው አዩ። በመጨረሻ ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ባዶውን ቀዳዳ አገኘው። ባዩሽ የወደቀችውን ሽቦ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ከላይ ከበሮው እየተመታ ነው።

«ያኔም አስገብቻታለሁ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አስገብቻታለሁ እያልኩ ለራሴ ስምል ነው የኖርኩት። ለካ እንዲህ ነው ያስገባኋት።»

ከቱታቸው ኪስ መነጽር አወጡ። አዲስ አይደለም፤ ግን ያልተነካ ነው።

«ሐኪሙ የሰጠኝ ከዚያ አደጋ በፊት ነው። እናንተ ፊት ማድረግ አፈርኩ። ሸመገለ፣ አበቃለት እንዳትሉኝ። ያን ቀንም ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«የኔም ባትሪ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ጋሼ» አለች።

«አየሁሽ እኮ! ስትከቺው አየሁሽ። 'አውጪውና እዪልኝ' ማለት አቅቶኝ ነው።»

ተያዩ። ከዚያ የመጀመሪያው ሳቅ ከማን እንደወጣ ሁለቱም ዛሬ አያውቁትም። ጋሼ በመኪናው ሆድ ተደግፈው ሳቁ፣ ባዩሽ ዓይኗን በዘይት እጇ እያበሰች ሳቀች። የካሳሁን ጭንቅላት ከላይ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው!»

«ትጠብቅ!» አሉ ጋሼ። መነጽራቸውን አደረጉ። «ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ቆሻሻ እዚህ ነበር?» አሉና አዲሷን ኮፒሊያ ከባዩሽ ተቀብለው በቀዳዳው አሳልፈው፣ ጫፎቿን ግራና ቀኝ አጠፉ። ባዩሽ በባትሪ አየች፣ በጣቷ ጎተተች። ንቅንቅ አላለችም። ወጥታ ፈረመች።

አቶ ወልደኪዳን ኮስተር ብለው ቆመው ነበር። ጋሼ ሳይጠየቁ ቀረቧቸው። «ወንድሜ፣ ነውሩስ የኔ ነው። ይቺ ልጅ ባታየው ቁልቁለቱ ላይ መሪው ባዶውን ይዞር ነበር» አሏቸው። አቶ ወልደኪዳን መኪናውን አዩ፣ ሠላሳ ዘመዳቸውን አዩ፣ ጋሼን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘረጉ።

«ታዲያ ምን ትቆማለች? ደግማ ትየዋ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ባዩሽ ግን ቀልድ አላደረገችውም፤ ወርዳ ደግማ አየች።

ቅጥቅጡ ሆ እየተባለበት ወጣ። ባዩሽ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራ አልያዝላት አለ፤ ስልኳን እያየች መፍቻ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ። «ደርሰናል» አለ ካሳሁን፣ ከኋላው እልልታ እየተሰማ። «መሪው ቅቤ ነው በያቸው። የደብረ ሲና ቆሎ ይዤ እመጣለሁ።»

ዞር ስትል ጋሼ ሰሌዳው ፊት ቆመዋል፣ ጠመኔ ይዘዋል። የዕለቱ ስህተት የሚጻፈው ከታች ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን አንጠራርተው ከላይ፣ ያቺ ስምንት ዓመት ያልተጠረገችው መስመር አጠገብ ጻፉ፤ «ተክለጊዮርጊስ፦ መነጽሩን ኪሱ ከቶ ሠራ፤ እዪልኝም አላለም።» ነቢዩ አነበበና የሻይ ብርጭቆዎቹን ደረደረ።

ከዚያ ጋሼ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

ባዩሽ ብድግ አለች። ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው አስተማሪዋ ሻይ ሊቀዱላት! ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። ነቢዩ በክርኑ ጎሸም አድርጎ ሰሌዳውን አሳያት። እጇን ሰበሰበችና ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከባድ ነበር። ጋሼ በመነጽራቸው አናት እያዩ፣ ጠብ ሳያደርጉ ብርጭቆዋን ሞሉላት፣ ፊቷም ቆመው ጠበቁ።

«ቅመሽና እዪው» አሉ።

ባዩሽ ቀመሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ለኚህ ሰው «ጎደለ» የሚል ቃል ተናግራ አታውቅም።

«ስኳሩ አንሷል፣ ጋሼ» አለች።

ጋሼ ተክለጊዮርጊስ ከት ብለው ሳቁና ስኳር ሊያመጡላት ሄዱ።